ማን ነህ የማይል ማሽን

የሚበላሽ ዕቃ ይስጣችሁ። ምርቃት ነው፤ እርግማን እንዳይመስላችሁ። የሚበላሽ ዕቃ ያለው ሰው ዕቃውን ያየዋል፣ ይፈታዋል፣ አቧራውን ያራግፍለታል፣ ጠጋኝ ይጠራል፣ ከጠጋኙ ጋር ይጣላል። በዚህ ሁሉ መሃል ቢያንስ ዕቃ እንዳለው ያውቃል። የማይበላሽ ዕቃ ያለው ሰው ግን ይተኛል። እኔ ሰባት ዓመት ተኝቻለሁ። በራሴ ትራስ ላይ ብተኛ ማንም ምንም አይለኝም ነበር፤ የተኛሁት በሐጂ ሸምሱ እንጀራ ላይ ነው።

ሐጂ ሸምሱ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ፔርሙስ ያስመጡ የነበሩ ነጋዴ ናቸው። «የነበሩ» የምትለዋን ቃል ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ። ያን ቀይ አበባ ያለበትን ትልቁን ፔርሙስ ታውቁታላችሁ። ለቅሶ ቤት ሻይ የቀዳላችሁ፣ ሆስፒታል ለተኛ ዘመዳችሁ አጥሚት ያመላለሰው እሱ ነው። ያ ፔርሙስ ወደዚህ አገር የሚገባው በሐጂ በኩል ብቻ ነበር። ቻይና ያለው ፋብሪካ «በኢትዮጵያ ወኪላችን እርስዎ ብቻ ነዎት» የሚል ውል ሰጥቷቸው፣ ውሉ በየጊዜው ይታደሳል። የሚታደሰው ደግሞ በአንዲት ደብዳቤ ነው። ፋብሪካው «እንቀጥል ወይ?» ብሎ ይጽፋል፤ ሐጂ «እንቀጥል» ብለው ይመልሳሉ። አለቀ። ይቺን ደብዳቤ ያዙልኝ።

እኔ ደግሞ የሐጂ «ኢንጂነር» ነበርኩ። ማዕረጉን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። መርካቶ ውስጥ ብሎን የፈታ ሁሉ ኢንጂነር ነው፤ ብሎኑን መልሶ ካሰረው ደግሞ ዶክተር ይሆናል። በእጄ ያለው የስድስት ወር የኮምፒውተር ሰርተፍኬት ነው። ከስድስቱ ወር ውስጥ ሁለቱን መብራት ስላልነበረ ኮምፒውተሩን የተማርነው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተስሎ ነው።

የተቀጠርኩት በፋክስ ምክንያት ነው። ነገርን ነገር ያነሳዋልና ስለ ፋክስ ትንሽ ላውራ። የፋክስ ወረቀት ሲቆይ ጽሑፉ እየደበዘዘ ይጠፋል። ሐጂ አንድ ቀን የድሮ ደብዳቤያቸውን ሊያዩ ፋይላቸውን ቢከፍቱ፣ በሥርዓት የተበሳ፣ በሥርዓት የተደረደረ፣ ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት አገኙ። «ቃሌን ማን በላው?» ብለው የጮኹት ጩኸት እስከ ዋናው አስፋልት ተሰምቷል። በዚያው ሰሞን ፋብሪካው «ከእንግዲህ በኢሜይል እንጻጻፍ» አለ። ከሚሌኒየሙ በዓል ሁለት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ሐጂ እኔን ቀጠሩና አንድ ትእዛዝ ብቻ ሰጡኝ።

«ኢንጂነር፣ ደብዳቤዬ እንዳይጠፋ አድርገህ ሥራልኝ።»

ሠራሁላቸው። ደብዳቤ የሚልክና የሚቀበል፣ ሰርቨር የሚሉትን ማሽን ከሱቁ ኋላ ባለው ዕቃ ቤት፣ በፔርሙስ ካርቶኖች መሃል ተከልኩ። ፕሮግራሙን ያገኘሁት አንድ መሥሪያ ቤት ጊዜው አልፎበታል ብሎ ሲጥለው፣ እዚያ የሚሠራ ጓደኛዬ በሲዲ ገልብጦ ሰጥቶኝ ነው። ስለዚህ በተተከለበት ቀንም አሮጌ ነበር። ይህ አላሳፈረኝም። ሰልባጅ ለብሶ ያላደገ የመርካቶ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ።

ሙኒራ የምትባል ጸሐፊ አለችን፤ ሐጂ በአማርኛ የሚናገሩትን በእንግሊዝኛ የምትጽፈው እሷ ናት። ሙኒራ ለማሽኑ የዳንቴል ልብስ ሠርታ አለበሰችው፤ ከላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባ አስቀመጠችበት። ዳንቴሉ የማሽኑን መተንፈሻ ግጥም አድርጎ ይሸፍነዋል። ቢሆንም አልሞተም። በሙቀት አልሞተም፣ በአቧራ አልሞተም፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ እያቃሰተ ይጠብቃል። አንድ ዓመት አለፈ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሐጂ በሰፈሩ ሁሉ አስወሩለት፤ «የኔ ማሽን ከተከፈተ ጀምሮ ተዘግቶ አያውቅም።» ከሰባተኛ ሰፈር ድረስ ሰው ሊያየው መጣ። እኔ አጠገቡ ቆሜ፣ ልጁ ከክፍሉ አንደኛ እንደወጣለት አባት ፈገግ እላለሁ።

አሁን የመጀመሪያውን ጥፋቴን ልንገራችሁ። ጥፋት አይመስልም፤ ጨዋነት ነው የሚመስለው።

ከሐጂ ሱቅ ፊት ለፊት ጋሽ ወልዴ የሚባሉ የብርጭቆና የሳህን ነጋዴ አሉ። ሃያ ዓመት ጎረቤት ናቸው። በዚያ መስመር ስልክ የሐጂ ብቻ በነበረበት ዘመን የጋሽ ወልዴም ስልክ እሱ ነበር። ሐጂ ለጁምዓ ሲሄዱ ሱቁን የሚጠብቁት ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ ጋሽ ወልዴ ታቦት ሊያነግሡ ሲሄዱ ደግሞ ሐጂ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለነሱ ነው። ስለዚህ ኢሜይሉ ሲገባ ጋሽ ወልዴም ከሱቃቸው ሆነው በሐጂ ሰርቨር እንዲልኩ ተፈቀደ። ብርጭቆ የሚያመጡት ፔርሙሱ ከሚሠራበት ከተማ ስለሆነ እሳቸውም ለዚያው አገር፣ ስለ ብርጭቆ ለዚያው ፋብሪካም ጭምር ይጽፋሉ። ፓስዎርድ ሰጠኋቸው። በሳምንቱ ፊታቸው ጠቁሮ መጡ።

«ሐጂ፣ እኔና እርስዎ ተጣልተናል እንዴ?»

«ኧረ አላህ አያምጣው! ምን ሆነሃል ወልዴ?»

«ታዲያ ይሄ ማሽንዎ፣ ደብዳቤ ልልክ ስል ማን ነህ ይለኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ እዚህ በር ላይ ተቀምጬ፣ ማን ነህ ልባል?»

ፓስዎርዱ ጠፍቷቸው ነው። ሐጂ ግን ወደ ጋሽ ወልዴ ሳይሆን ወደ እኔ ዞሩ።

«ኢንጂነር፣ ጎረቤት ማን ነህ አይባልም። ይሄን ነገር አንሣው።»

«ሐጂ፣ ለጥንቃቄ እኮ ነው…»

«ከወልዴ ነው የምጠነቀቀው?»

አነሣሁት። አዳዲሶቹ ፕሮግራሞች እንዲህ ያለ ነገር ሲታዘዙ እንቢ ይላሉ አሉ። የኔው ግን ሰው በሰው ላይ ተንኮል ያስባል ተብሎ ባልታሰበበት ዘመን የተሠራ ነውና ወዲያው እሺ አለ። የመጣውን ሁሉ ማን ነህ ሳትል ተቀበል፣ ላክልኝ ያለህን ሁሉ ላክለት ተባለ፤ ተቀበለ። ጋሽ ወልዴ ደስ አላቸው፣ ሐጂም ደስ አላቸው፣ ለስላሳ ተገዛልኝ።

እኔ በሩን የከፈትኩት ለጋሽ ወልዴ ነው። በሩ ግን ጋሽ ወልዴን ለይቶ አያውቃቸውም። ለእሳቸው ከተከፈተ ለዓለሙ ሁሉ ተከፍቷል። ይህን አውቅ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ በግማሽ አውቅ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ግን ሙሉውን አውቀው ነበር። የሐጂ ሱቅ እኮ በሦስት ጓጉንቸር ነው የሚቆለፈው። ከጓጉንቸሩ ሌላ የብረት መወርወሪያ አለ፣ ከመወርወሪያው ሌላ ዘበኛ አለ፣ ከዘበኛው ሌላ ዘበኛውን የሚቀሰቅስ ውሻ አለ። ይህ ሁሉ የሚጠብቀው ባዶ ፔርሙስ ነው። የሐጂ ስምና ቃል ያለበት ማሽን ደግሞ በዳንቴል ይጠበቃል።

ሁለተኛው ጥፋቴም ጨዋነት ነው። ሙኒራ አንድ ቀን የአንድ ደንበኛ አድራሻ ስትጽፍ ፊደል ሳተች። ማሽኑ ደብዳቤው እንዳልደረሰ የሚገልጽ መልእክት አመጣ። ሐጂ አጠገቧ ቆመው ነበር።

«ምን ይላል?»

«ደብዳቤዎ ተመልሷል ይላል፣ ሐጂ።»

የሐጂ ፊት አመድ መሰለ። «እኔ የላክሁት? ሽማግሌ ልኬ እንኳ ተመልሶብኝ አያውቅም!»

ለእሳቸው የተመለሰ ደብዳቤ ማለት ደጅ ላይ ቆሞ አትግባ የተባለ ሰው ነው። አድራሻ ነው፣ ፊደል ነው ብንላቸው አልሰሙንም። ምሳቸውን ሳይበሉ ዋሉ። ማታ ሱቅ ሲዘጋ ጠሩኝና «የተመለሰ ደብዳቤ እጠላለሁ። ሁለተኛ እንዳላይ» አሉኝ።

እሺ አልኩ። የሰርቨሩን ማዘዣ ከፈትኩና ሁለት ነገር አዘዝኩት። አንደኛ፣ ደብዳቤ አልሄድ ካለህ ወረፋ አስይዘው፤ እስኪሄድ ድረስ እየደጋገምክ ሞክር፣ ተስፋ አትቁረጥ። ሁለተኛ፣ ስላልሄደው ነገር ለማንም አትናገር። ዝም አይነቅዝም ይባል የለም?

እንግዲህ ማሽናችን ማን ነህ የማይል፣ የማይደክም፣ የማያሳብቅ ሆነ። እንዲህ ያለ ተሸካሚ ቢገኝ መርካቶ ይሻማበታል። እንዲህ ያለ ዘበኛ ግን በማግስቱ ነው የሚባረረው።

በየስድስት ወሩ «ሰርቪስ» አደርግለታለሁ። ሰርቪስ ማለት ዳንቴሉን አንሥቼ እፍ ማለት ነው። ሐጂ እንዳይረብሹኝ በሩን እዘጋለሁ፤ እፍ ለማለት እንደተዘጋ ማንም አያውቅም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማሽኑ «የተጠገነ አዲስ ቅጂ ወጥቷል፣ ይጫን?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። «በኋላ» የሚለውን እጫናለሁ። ያቺ «በኋላ» የምትል ቁልፍ በአማርኛ ተናጋሪ የተፈለሰፈች ነው የምትመስለኝ። ከዚያ በሦስተኛው ዓመት ገደማ መጠየቁን ተወ። በሰለ አልኩ፤ ራሱን ቻለ አልኩ። ለካ ሠሪዎቹ ትተውት ሄደው ነው። ወላጆቹ የሞቱበትን ሕፃን አይቶ «ማስቸገር ተወ፣ ጨዋ ሆነ» እንደማለት ነው።

በሰባተኛው ዓመት አንድ አርብ፣ ጁምዓ ላይ፣ የአንዋር ዙሪያ ጎዳና በሰጋጅ ሞልቷል። ሐጂ እዚያ ናቸው። ጋሽ ወልዴ የሁለቱንም ሱቅ በር ይዘው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እኔና ሙኒራ ዕቃ ቤት ውስጥ ካርቶን እንቆጥራለን። የማሽኑ መብራት እንደ እብድ ይርገበገባል።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚሆነው?» አለች ሙኒራ።

«ሥራ በዝቶበት።»

«የማን ሥራ? ሰው ሁሉ ሶላት ላይ አይደል እንዴ?»

«ቻይና ጁምዓ የለም» አልኳት፣ የዓለሙን ሁሉ ነገር እንደሚያውቅ ሰው።

ሙኒራ ያየችውን አየች፣ ያለችውን አለች። ያኔ ብሰማት ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

በሳምንቱ ከዱባይ ስልክ መጣ። ደዋዩ ከሐጂ ጋር መካ የሄዱ፣ ሐጂ እጅግ የሚያከብሯቸው ነጋዴ ናቸው። ሐጂ ጆሯቸው ስለሚከብድ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ነው የሚያናግሩት፤ ስለዚህ ሁላችንም ሰማን፤ ሁለት ደንበኞችም ነበሩ።

«ሸምሱ ወንድሜ፣ ፔርሙሱን ትተህ መድኃኒት ጀመርክ እንዴ?»

«የምን መድኃኒት?»

«ስሙን በስልክ አልጠራውም። በዕድሜ ለገፋ ወንድ ጉልበት ይሰጣል ይላል። በድርጅትህ ስም ነው የመጣልኝ። ደግሞ አራት ጊዜ። የኔን ዕድሜ ማን ነገረህ?»

ደንበኞቹ ወደ ጣሪያ አዩ። ሐጂ ስልኩን ዘጉ። ሁለት ጊዜ ሐጅ ያደረጉ፣ የሰው ሚስት ስታልፍ ዓይናቸውን የሚሰብሩ ሰው ናቸው።

«ኢንጂነር፣ ምንድነው ይሄ?»

«ቫይረስ ነው፣ ሐጂ።»

ቫይረስ ጥሩ ቃል ነው። እንደ ጉንፋን ማንም አይጠየቅበትም።

በጓሮ ወጥቼ ትዕግስት ጋ ደወልኩ። ሰርተፍኬቱን አብረን ነው የወሰድነው፤ እሷ ግን ቀጠለችበት፤ አሁን አንድ ባንክ ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል ትሠራለች። የፕሮግራሙን ስም ነገርኳት።

«ያ ነገር እስከ አሁን አለ እንዴ?» አለችኝ። «ይሠራል?»

«ቆሞ አያውቅም» አልኩ፣ በኩራት።

«እሱማ አይቆምም። በርህን ከፍተህለት የዓለም ሌባ ሁሉ በናንተ ስም ቆሻሻ ሲልክበት ለምን ይቆማል? አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት ማለት ያንተ ነው።» ከዚያ ሦስት ነገር አድርግ አለችኝ። በሩን ዛሬውኑ ዝጋ። ፕሮግራሙን አውጥተህ ጣልና አዲስ ትከል፤ ቀዳዳው ካንተ በቀር ለሁሉም የታወቀ ነው። ሦስተኛውን ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ። «ስማችሁ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ከእንግዲህ ሌላው አገር ያለ ሰርቨር ከእናንተ የመጣ ደብዳቤ አይቀበልም፤ እውነተኛውንም ከቆሻሻው ጋር ነው የሚመልሰው። ወረፋህን እይ። ስማችሁ እንዲፋቅ ጻፍ። ሰማኸኝ?»

ሰማኋት። የመጀመሪያውን አደረግሁ፤ አንዲት ቁልፍ መጫን ስለሆነ። ሁለተኛው ማሽኑን መዝጋት ይጠይቃል፤ «ተዘግቶ አያውቅም» የተባለለትን ማሽን፣ ሰባተኛ ድረስ የተወራለትን፣ በየትኛው ፊቴ እዘጋዋለሁ? ሦስተኛውን ነገ አየዋለሁ አልኩ። ነገ ሌላ ሥራ መጣ። ከነገ ወዲያ ረሳሁት ብል ውሸት ነው፤ አልረሳሁትም፤ ፈራሁት። ወረፋውን ከፍቼ የማየውን ፈራሁ።

በሩ በተዘጋ ማግስት ማሽኑ ጋሽ ወልዴን እንደገና ማን ነህ አላቸው። በዚህኛው ጊዜ ለሐጂ አልተናገሩም። ተቀይመው ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረዱና ከአንድ ኢንተርኔት ቤት የነፃ ኢሜይል አስከፈቱ። መንገድ ላይ ሳገኛቸው «ግዴለም፣ ሰው ሲሰለች እንዲህ ነው» አሉኝ። እኔ እሳቸውን ከማስረዳት ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ።

በዚያው ወር ከፋብሪካው «እንቀጥል ወይ?» የምትለው ደብዳቤ መጣች።

ሐጂ አዲስ ኮፍያ አድርገው ተቀመጡ፤ ይህን ደብዳቤ ሲያጽፉ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። «ጻፊ ሙኒራ። አላህ ዕድሜ ከሰጠኝ እስክሞት ድረስ ከእናንተ ጋር ነኝ በይልኝ።»

«ሐጂ፣ ሞት በእንግሊዝኛ ይከብዳል።»

«በአማርኛስ ቀሎ ነው? ጻፊው!»

ጻፈችው፣ ላከችው። «ተልኳል» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«ተልኳል ማለት ደርሷል ማለት ነው?» አሉ ሐጂ።

«ያው ነው፣ ሐጂ» አልኩ እኔ።

«ዕቃ ሲሆን ያው አይደለም። ተጭኗል ብለውህ ጅቡቲ ይከርማል።»

«ኢሜይል ጅቡቲ አያድርም» ብዬ ሳቅሁ። ሳቅሁ እኮ ነው የምላችሁ።

አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ሐጂ ጠዋት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት «መልስ መጣ?» ይላሉ። የቻይና በዓል ነው እላለሁ። በዓሉን ረጅም አደረግሁት። በሦስተኛው ሳምንት ሙኒራ ወረቀት ይዛ እየሮጠች መጣች። «መልስዎን አላገኘንም፣ እየጠበቅን ነው» ይላል ፋብሪካው። እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ከኛ ደብዳቤ ጋር መንገድ ላይ ተላልፎ ነው። ድገሚላቸው።» ደገመችላቸው። ያም «ተልኳል» ተባለ።

አንድ ቀን ሐጂ የስልኩን እጀታ አነሡ። «ልደውልላቸው። ልቤ አልረጋም።»

ቢደውሉ ደብዳቤው አለመድረሱ ይወጣል። ለምን አልደረሰም ይባላል። ቫይረሱ ይመጣል፣ ከቫይረሱ ኋላ ክፍቱ በር ይመጣል፣ ከበሩ ኋላ የሰባት ዓመት እፍ ይመጣል። ይህ ሁሉ እጀታው ከጠረጴዛ ወደ ጆሯቸው ሲሄድ በራሴ ውስጥ አለፈ።

«ሐጂ፣ ቢደውሉ እኮ የቸገረዎት ይመስላል» አልኳቸው። «ፈልገህ እንደሆነ ፊትህ እንኳ አይወቅብህ ብለው፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩኝ?»

የመርካቶ ነጋዴ ይህን ያውቃል። የፈለገውን ዕቃ የሚገዛው ጀርባውን ሰጥቶ ነው። ሐጂ አሰቡ፣ አሰቡ፣ እጀታውን አስቀመጡ።

«እውነትህን ነው» አሉኝ።

ከሰው አፍ ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ። እንደዚያች «እውነትህን ነው» ግን ያቆሰለኝ የለም፤ አሁንም ትመጣብኛለች፣ ታክሲ ውስጥ ጭምር።

ከሁለት ወር በላይ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ጋሽ ወልዴ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር በብብታቸው ይዘው ገቡ። ሐጂን ትከሻቸውን ሳሙ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ሐጂ፣ ምን ብዬ ላመስግንዎት?»

«ምን አደረግሁ ወልዴ?»

«ፔርሙሱን ለኔ መተውዎን ነዋ! ፋብሪካው በአዲሱ ኢሜይሌ ጻፈልኝ። ወኪላችን ሁለት ጊዜ ብንጠይቃቸው ዝም አሉን፣ ትተውታል፤ አንተ ድሮ በእሳቸው በኩል ትጽፍልን ነበር፣ ትረከባለህ ወይ አለኝ። ወዲያው ገባኝ። ሐጂ ደክሟቸዋል፤ ፊት ለፊት ቢሰጡኝ እንቢ እንደምል ያውቃሉ፤ በዝምታ ሰጡኝ አልኩ። ትናንት ፈረምኩ።» እንባቸውን ጠረጉ። «ማሽኑ ለሁለተኛ ጊዜ ማን ነህ ሲለኝ አዝኜብዎት ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ። ለካ የራስህን በር ክፈት ሲሉኝ ነው።»

ሙኒራ ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔ የቆምኩበት መሬት ቢከፈት በምስጋና እገባ ነበር። ሐጂ ጋሽ ወልዴን አዩ። ከንፈራቸው ሁለት ጊዜ ሊከፈት ብሎ ተዘጋ።

«ይባርክልህ፣ ወልዴ» አሉ።

«አሜን፣ ሐጂ! አሜን!» ጋሽ ወልዴ ፌስታሉን ፈቱት። አዲስ ጋቢ ነው። ዘርግተው ሐጂን በእጃቸው አለበሷቸው፣ ጫፉን አስተካከሉላቸው፣ እንደገና ትከሻቸውን ስመው ወጡ።

«ኢንጂነር» አሉ ሐጂ፣ ሳያዩኝ። «ደብዳቤዬ የት አለ?»

ወደ ዕቃ ቤቱ ገባን። ዳንቴሉን አንሥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረፋውን ከፈትኩ። መጨረሻ የለውም። የጉልበት መድኃኒት፣ የእጅ ሰዓት፣ ያልቆረጥነው ሎተሪ፣ የማናውቀው ሰው ውርስ። ሌባው በሩ ተዘግቶበት ከሄደም በኋላ ማሽኑ የሌባውን አደራ ይዞ ቀርቷል። በዚያ ሁሉ መሃል የሐጂ ደብዳቤ ከነድጋሚዋ ቁጭ ብላለች። በየሩብ ሰዓቱ ቻይና ድረስ ትሄዳለች፣ ታንኳኳለች፣ ትባረራለች፣ ተመልሳ ለማንም ሳትናገር ወረፋ ትይዛለች። ይህን ስታደርግ ነው የከረመችው፣ እኔ በዓል ነው ስል።

«አለች፣ ሐጂ። አልጠፋችም» አልኩ። አምላክ ያውቃል፣ ይህን ስል ውስጤ ትንሽ ኩራት ነበረበት።

«አንብቢልኝ» አሏት ሙኒራን።

አነበበችላቸው። «እስክሞት ድረስ» የሚለው ጋ ስትደርስ ድምጿ ተሰበረ።

«የተመለሰ ደብዳቤ እጠላለሁ ስልህ» አሉኝ ሐጂ ቀስ ብለው፣ «አትንገረኝ ማለቴ ነበር?»

ሁለተኛ እንዳላይ ብለውኛል ልላቸው እችል ነበር። ቃል በቃል ብለውኛል። ዋጥኩት፤ እስከ ዛሬ አልወረደልኝም።

«ሐጂ፣ አሁን ልደውልላቸው። ጥፋቱ የኔ ነው ልበል። ደብዳቤዋ ቀን አለባት፣ ማስረጃ ናት፣ ውሉን…»

«ወልዴስ?»

ሐጂ የጋቢውን ጫፍ አነሡ።

«ሰውዬው ጋቢ አልብሶኝ ነው የወጣው። የመረቅሁትን ልቀማው? ይቺ ደብዳቤ ደግሞ አንድ ቀን ቀንቷት ብትደርስ ከሰዎቹ ታጋጨዋለች። አጥፋት።»

ጣቴን ቁልፉ ላይ አደረግሁ። ተጫንኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ ማንንም ምንም ጠይቆ የማያውቀው ማሽን፣ ሌባውን ማን ነህ ያላለው ማሽን፣ በስክሪኑ መሃል አንዲት ትንሽ ጥያቄ አወጣ። ጣቴ ቆመ።

«ምን ይላል?» አሉ ሐጂ።

«እርግጠኛ ነህ ወይ፣ ይላል።»

ሐጂ አዲሱን ጋቢያቸውን ወደ አንገታቸው ሰበሰቡ።

«አሁን ነው የሚጠይቀው?» አሉ። «አዎ በለው።»

አዎ አልኩት።